አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ

ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ማስታወቂያ ማንበብ ለትዳር ጥሩ አይደለም። አንድ ጊዜ ሃያ ሁለት አካባቢ «ጫማ በግማሽ» የሚል አንብቤ፣ በማግስቱ ባለቤቴን ትዕግሥትን እየጎተትኩ ወሰድኳት። ቀርበን ስናየው ለካ ከሥሩ «ቀን አድሰን እናስረክባለን» ይላል። እኔ ሳልጨርስ ታክሲው ተነስቶ ነበር። ትዕግሥት ከዚያ ወዲህ የምነግራትን ሁሉ «እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?» ሳትል አትቀበለኝም። አልፈርድባትም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት እኔን አይተው አልተረቱትም፤ ቢያዩኝ ኖሮ ግን ቀደም ብለው ይተርቱት ነበር።

ባለፈው ሰሞን እዚያው ሃያ ሁለት መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ አንድ ሕንፃ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሸራ አየሁ። በቀይ ፊደል «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ! ይምጡ፣ ድምፅዎን ይስጡ! ቅዳሜ የመጨረሻ ቀን!» ይላል። ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረው። እኔ ቦሌ፣ ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ የሚለውን አድራሻ ብቻ እንደያዝኩ መብራቱ ለቀቀን። ከጫማው ያልተማርኩ ሰው ማታ ራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት።

«የምን ምርጫ?» አለ አባዬ ማንኪያውን አስቀምጦ። «ሳንመዘገብ? ሬዲዮ ሳይናገር?»

«አሁን አሠራሩ ተቀይሯል። ዲጂታል ሆኗል» አልኩት።

በዚህ ዘመን ያልገባችሁን ነገር ሁሉ ዲጂታል ሆኗል ካላችሁ የሚከራከራችሁ የለም። አባዬም አልተከራከረም።

አባዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኛ ጋ፣ ሳሊተ ምሕረት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሱፉን ለብሶ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ሄዶ ይሰለፋል። ማንን እንደመረጠ ለእናቴ እንኳ ነግሯት አያውቅም። መርጦ ከተመለሰ በኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ የሚያስጨንቀው ነገር አለ። «ድምፄ መቆጠሩን በምን አውቃለሁ?» ይላል። ለጎረቤት ይላል፣ ለቴሌቪዥኑ ይላል፣ አንዴማ መርፌ ልትወጋው ለመጣች ነርስ ሁሉ ብሏታል።

ስለ ሌላው የአባዬ ድምፅ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳይምታታባችሁ።

አባዬ የጊዶሌ ሰው ነው። እዚያ አገር ፊላ የሚሉት ጨዋታ አለ። ከቀርከሃ የተቆረጡ ቧንቧዎች ናቸው፤ ከስንዝር የማያልፍ አለ፣ ቁመቱ ልጅ የሚያህል አለ። እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የላቸውም። የአባዬና የጓደኞቹ እያንዳንዱ ቧንቧ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፣ እሱንም አንድ ሰው ይይዘዋል። አንዱ «ቲ» ሲል ሌላው «ቶ» ይላል፣ ያኛው ሲያርፍ ይኼኛው ይገባል፣ ክብ ሠርተው እየዞሩ መሬቱን ይረግጣሉ፣ ከመሀላቸው ዜማ ይወጣል። ብቻውን ሊጫወተው የሚችል ሰው የለም። አንድ ሰው ከቀረ ደግሞ ቦታው ጥርስ እንደወለቀበት አፍ ክፍት ሆኖ ይታወቃል።

ልጅ ሆኜ ገርጂ ተከራይተን ስንኖር፣ እሑድ ከቸርች መልስ የአባዬ አገር ልጆች ቧንቧቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጡ ነበር። መሪያቸው ጋሽ ኦርካይዶ ልብስ ሰፊ ነው። ጋሽ ገለቦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር ቧንቧው ሲሰነጠቅበት በቀይ የሽቦ ፕላስተር ጠቀለለው። ጋሽ ኩሲያ በቀጠሮም በጨዋታም የሚዘገይ ሰው ነበር፤ ዜማው እሱን ሲጠብቅ አንድ ልክ ይንገዳገድና ይቀጥላል፣ እኛ ልጆቹ መንገዳገዱም የዜማው አካል ይመስለን ነበር። የአባዬ ቧንቧ ትልቁ ነው። እሱ «ቡው» ሲል የሳሎኑ መስኮት መስታወት ዝርርር ይላል፣ እናቴም ብርጭቆዎቿን ከመደርደሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ታደርጋለች። ቸርች ውስጥ «ይኼ ነገር ዓለማዊ አይደለም ወይ?» ያሉ ነበሩ። ጋሽ ኦርካይዶ «አንድ ሰው በአንድ ድምፅ ምን ያህል ኃጢአት ሊሠራ ይችላል?» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

በሥራ ቀን አባዬ ብቻውን ስለሆነ፣ በአንድ ድምፅ ደግሞ ብቻህን ምንም ስለማይሆንልህ፣ ቧንቧውን ራት መጥሪያ ያደርገው ነበር። ደጅ ወጥቶ አንዴ «ቡው» ሲል እኔ ከሰፈሩ ጫፍ ኳሴን ጥዬ እሮጣለሁ። እስከ ዛሬ ከባድ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ይርበኛል። ያ ግቢ አሁን የለም፣ ፎቅ ቆሞበታል። በዚያ በኩል ሳልፍ ግን ዛሬም አንገቴ ራሱ ይዞራል፣ ናፍቆቱም ይዞኝ እስከ መገናኛ ይሸኘኛል።

ከዚያ ሰው መጉደል ጀመረ። አንዱ አገሩ ገባ፣ ሌላው ሞተ። የሟቾቹን ቧንቧ ጋሽ ኦርካይዶ እየሰበሰበ ያስቀምጥ ነበር። እሱም ሲሞት ልጆቹ እስሩን ለሙዚየም ሰጡት። የትኛው ሙዚየም እንደሆነ አባዬ አልጠየቀም፤ «በቃ፣ እነሱም ተቀበሩ» ብቻ ነው ያለው። የእሱ ቧንቧ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከአልጋው በላይ በምስማር ተሰቀለ። የቤታችን አንቀጽ አንድም አብሮት ተሰቀለ፦ አትንካ! ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ አልተሻረልኝም።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። ግማሽ ቀን ሥራ ስለነበረኝ ከምሳ በኋላ ስገባ፣ አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ መታወቂያውን ደረት ኪሱ ከትቶ ሳሎን ተቀምጧል። ደረጃውን ስንወርድ ከሥራችን ያለው ቤት በር ተከፈተ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። የኮንዶሚኒየም ወለል ምስጢር አይቋጥርም፤ እኛ ቤት የሚወራውን እትዬ አስካለ ከትዕግሥት ቀድመው ይሰሙታል።

«ምነው፣ እኔ ዜጋ አይደለሁም?» አሉና የጠራሁት መኪና ውስጥ ገቡ።

መንገድ ላይ ለጨዋታ ያህል «እትዬ፣ ማንን ሊመርጡ አስበዋል?» አልኳቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ምስጢር ነው!» ብለው ጮሁብኝ። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

አዳራሹ በር ላይ ጥበቃ ቆሟል። አባዬ ሳይጠየቅ መታወቂያውን ዘረጋለት።

«አያስፈልግም አባት፣ ይግቡ» አለ ጥበቃው።

«እንዴት አያስፈልግም? እኔ መሆኔን በምን አወቅክ?»

«ማንም መግባት ይችላል።»

«ማንም!» አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ገና ከበሩ ተጭበርብሯል።»

ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ ሰልፍ እንዳይፈጠር ብሎ መታወቂያውን ተቀበለ፣ ፎቶውንና አባዬን አስተያየ፣ «ትክክል ነው» ብሎ መለሰለት። ከኋላችን እትዬ አስካለም የሳቸውን አስፈተሹ።

ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው። ግድግዳውን ተከትለው የመስታወት ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ከየሳጥኑ ፊት ወለሉ ላይ የብርሃን ክብ ወርዷል። አንዲት ጥቁር ቱታ የለበሰች ወጣት ፈገግ ብላ መጣች። ሳሮን ትባላለች።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ! ደስ ያለዎት ክብ ላይ ይቁሙና ድምፅ ይስጡ።»

«መጋረጃው የታለ?» አለ አባዬ።

«የቱ መጋረጃ?»

«በምስጢር አይደለም እንዴ የሚሰጠው?»

«አይ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ነው የሚሰማው» አለች በኩራት።

አባዬ ቀስ ብሎ አየኝ። «ዲጂታል ያልከኝ ይኼን ነው?»

እትዬ አስካለ ግን መላ የማያጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አውልቀው አንዱን ክብ ሸፈኑት፣ ማንም እንዳያያቸው ግራ ቀኝ ገላመጡና ከነጠላው ሥር እግራቸውን ሰደዱ። አዳራሹ በሙሉ «ቲ!» አለ።

«በስመ አብ!» ብለው ዘለው ወረዱ። «አጋለጠኝ!»

ያኔ ነው ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት። ሳሮን የምትሠራው በድምፅ ነው፤ ሰዓሊ በቀለም እንደሚሠራው። ከአንድ ሙዚየም መጋዘን የድሮ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ተውሳ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ ቀርጻ፣ ሰው ክቡ ላይ ሲወጣ አንዴ እንዲሰማ አድርጋለች። «ብቻዎን ከመጡ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰሙት» አለች። «ዜማው እንዲወጣ የማያውቁት ሰው አጠገብዎ መቆም አለበት። ለዚያ ነው አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ ያልነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባዬ ከረባቱን ላላ አደረገ። አባዬ ከረባቱን ሲያላላ በጣም ተቀይሟል ማለት ነው።

«ስለዚህ ምርጫ የለም።»

«የለም፣ አባዬ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ሱፍ ለብሼ የተቀመጥኩት ለኤግዚቢሽን ነው።»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እሺ» አለና ወደ በሩ ዞረ። ሲዞር አንዱን ክብ ረገጠ። አዳራሹ «ቶ» አለ፤ ሻከር ያለ፣ ጉሮሮው የታመመ ሰው የሚመስል ቶ።

አባዬ እግሩን አላነሳም። ቀና ብሎ ፊቱ ያለውን የመስታወት ሳጥን አየ። ውስጡ ክንድ የምታህል ቀርከሃ ተጋድማለች። ወገቧ ላይ ቀይ የሽቦ ፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ገለቦ» አለ።

ወደሚቀጥለው ክብ ሄደ፣ ረገጠው፣ አዳመጠ፣ የሰው ስም ጠራ። ወደሚቀጥለው ሄደ። «ኦርካይዶ» አለ። እትዬ አስካለ የተጋለጡበት ክብ ላይ ሲደርስ ሳቅ ብሎ «ኩሲያ» አለ። ገርጂ ግቢያችን ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልለው ይገቡ የነበሩት ሁሉ እዚያ ነበሩ፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ከጥጥ ላይ ተኝተው።

«ሙታን ድምፅ ሰጡ ሲባል፣ ይኼ ሌብነት ነው እያልኩ ስናደድ ነው የኖርኩት» አለ አባዬ መሀረቡን አውጥቶ። «ዛሬ ግን ይስጡ። ይስጡ እንጂ!»

የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ነው። ከሥሩ «ይህ ድምፅ አልተገኘም» የሚል ተጽፏል። አባዬ ክቡ ላይ ቆመ። አዳራሹ ዝም አለ። አንዴ ወርዶ እንደገና ወጣበት። ዝም።

«ድምፀ ተአቅቦ ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ማን ነው የተአቀበው? እኔ አለሁ አይደል!»

ሳሮን አፏን በእጇ ያዘች። የዚህን ቦታ ቧንቧ ብዙ ፈልጋዋለች፤ ብታጣው በኮምፒውተር ፈጥራ ከምትሞላው ዝም ቢል ይሻላል ብላ ትታዋለች። «የት እንዳለ ያውቃሉ አባባ?»

«ከአልጋዬ በላይ።»

ሳሮን ሰዓቷን አየች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ይዘጋል፣ መሣሪያዎቹ ተጠቅልለው ወደ መጋዘን ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚወጡ፣ መውጣታቸውንም፣ እሷም አታውቅም። አባዬ ሰማት። አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ። አባዬ እጄን ከያዘኝ ዘመን የለውም።

«አንዴ ብቻ» አለኝ። «ከነሱ ጋር አንዴ ብቻ። ከዚያ ይሂዱ።»

«እንዴት አድርገን...»

«ሂድና አምጣው።»

«እኔ? ልንካው?»

«ካልነካኸው እንዴት ታመጣዋለህ? ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት!»

ስሄድ በጠራሁት መኪና ደህና ሄድኩ። ቤት ገብቼ ከምስማሩ ፊት ስቆም ግን እጄን ሁለቴ ዘርግቼ ሁለቴ መለስኩ። ትዕግሥት ገበያ ስለሄደች ምስክር እንኳ የለኝም። በመጨረሻ «አባዬ ነው ያለኝ» ብዬ ለባዶው ክፍል አስታውቄ አወረድኩት። ስሜቱን ልንገራችሁ፤ ቀላል ነው። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ነገር ከመጥረጊያ እንጨት ብዙም አይከብድም።

ስመለስ መኪና ጠራሁ፣ ሾፌሩ መጥቶ ቧንቧውን አየና «ይኼማ ወንበሬን ይቀድብኛል» ብሎ ሄደ። ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ቧንቧው ከወለሉ እስከ ጣሪያው አልበቃ ብሎት ግማሹ በመስኮት ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩትና «የውሃ መስመር ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ እማማ፣ የአባቴ...»

«ሳሊተ ምሕረት ውሃ መጣ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

በእኛ በኩል ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ወሬው ከኋላ ወንበር ተነስቶ ጋቢና እስኪደርስ ትንፋሽ አልፈጀበትም። «መጣ እንዴ?» «አዎ፣ መስመር እየቀጠሉ ነው፣ ሰውየው ቧንቧ ይዟል!» አንዷ ቤቷ ደወለች፤ «ባልዲዎቹን አውጪ፣ ሮቶውን ክፈቺ!» ወያላው ራሱ «አለቃ፣ የኛን ብሎክ መቼ ትደርሱታላችሁ?» አለኝ። ፊላ ነው፣ ሙዚቃ ነው ብል ማን ይስማኝ። አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ብቻ «ብሮ፣ ልየው እስቲ» ብሎ እጁን ሰደደ።

«አትንካ!»

ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ የአባዬ ነበር።

ቦሌ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል። ወረድኩና ቧንቧውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ስሮጥ ነፋሱ አፉን እያገኘው «ቡ... ቡ...» ይላል። እግረኛው መንገድ እየለቀቀልኝ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ሰው ቢሮው በር ላይ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ራት ሊያመልጠው እንደሆነ ልጅ በወሎ ሰፈር አሳብሬ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ያ ጨዋ ጥበቃ እጁን ዘረጋ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ድምፅ ነው» አልኩት እያለከለክሁ።

«የማን?»

«የአባቴ።»

«ታዲያ እሳቸው ውስጥ ናቸው። አንተ ውክልና አለህ?»

ከምኔ ላውጣለት? በስተመጨረሻ ሳሮን ወጥታ አስገባችኝ።

ውስጥ ስገባ አባዬ ሱፍ ኮቱን አውልቆ አዳራሹን ጦር ሜዳ አድርጎታል። ፎቶ ሊነሡ የመጡ አንድ ወንድና ሴት ፍቅረኛሞች፣ አንድ የባንክ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው፣ ሌሎችም በየክቡ ፊት ቆመዋል። እሱ መሀል ቆሞ በጭብጨባ እየጠራ፣ የተጠራው ክቡን ይረግጣል፣ ይወርዳል። የሚጠራው ደግሞ በራሳቸው ስም አይደለም።

«ገለቦ! ኦርካይዶ! ገለቦ! ኩሲያ! ኩሲያ፣ ዘገየህ!»

«እኔ አስካለ ነኝ!» አሉ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ይዘው።

«እዚያ ላይ እስከቆሙ ድረስ ኩሲያ ነዎት! መዘግየትዎም ልክ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ይጨምሩበት!»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እኔ ማን ነበርኩ?» አለች ልጅቷ።

እየተንገዳገደ፣ እየተሰበረ፣ እየተሳቀ ዜማው መጣ። የገርጂው ነው። መዞሩን ሲጨርስ ግን አንድ ቦታ ላይ ዝም ይላል፣ ሁሉም እግሩን አንስቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

ቧንቧውን ሰጠሁት። አባዬ በመሀረቡ አፉን ጠረገለት፣ ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ ነፋ። «ፍ...» አለ። ሌላ ነገር የለም። እንደገና ነፋ። ከቧንቧው አየር ብቻ ወጣ። አባዬ ዘወር ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ መሀረቡ ውስጥ ጠቀለለና ሞከረ፤ ባሰበት። ጥርሱን መልሶ ሞከረ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሳሮን ሰዓቷን እንዳላየች ሆና አየች።

አባዬ ቧንቧውን ወደ እኔ ዘረጋው።

«ንፋ።»

«አባዬ፣ እኔ አልችልም። ደግሞስ በውክልና ድምፅ አይሰጥም የምትለው አንተ አይደለህም?»

«ውክልና አይደለም» አለ። «ውርስ ነው። ንፋ።»

ነፋሁ። መጀመሪያ እንደ ጎማ ተነፈሰ። «ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው!» አለ አባዬ። ቀጥሎ እንደ ድመት ጮኸ። «ሾርባ አልኩህ እንጂ ርችት አልኩህ?» ሲሰልስ ግን ከታች፣ ከቀርከሃው ሆድ ውስጥ፣ «ቡው» ብሎ መጣ። ወዲያው ራበኝ።

«ያዙ!» አለ አባዬ። እጁን አጨበጨበ። ገለቦ፣ ኦርካይዶ፣ ገለቦ፣ ኩሲያ። ቦታዬ ደረሰ፣ ዘገየሁ። እንደገና ዞሩ፤ ቸኮልኩ። «የቸኮለች...» ብለው እትዬ አስካለ ሊተርቱብኝ ሲጀምሩ አባዬ በዓይኑ አስቆማቸው። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፈንኩ። ገርጂ ገባሁ። እናቴ ብርጭቆዎቿን ገፋ ገፋ ስታደርግ አየኋት። መስኮቱ ዝርርር የሚልበትን ቦታ ጠበቅኩ፣ ደረሰ፣ ነፋሁ።

ያ ባዶ የመስታወት ሳጥን ዝርርር አለ።

ዜማው ሳይቆም ዞረ። ሁለተኛም ዞረ። አባዬ ማጨብጨቡን ትቶ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር፣ እግሩ ብቻ ወለሉን ይረግጣል፣ እንባው ከረባቱ ላይ ይወርዳል። አንዴ ብቻ ነበር ያለው፤ ያቆመን ግን የለም። ጥበቃው ሳይቀር መዝጊያው ሰዓት አልፎ ከበሩ መጥቶ አንድ ክብ ላይ ቆሞ ነበር።

ሲያልቅ ሳሮን የእኔን «ቡው» በመቅረጫዋ ቀረጸችው፤ ያ ክብ ሌላ ጊዜ ዝም አይልም። ቧንቧውንስ ከጓደኞቹ ጋር ይተዉት እንደሆን አባዬን በትሕትና ጠየቀችው። አባዬ ባዶውን ሳጥን ረጅም ጊዜ አየው። «የኔ ልጅ፣ እኔ ስሄድ እሱ ራሱ ያመጣልሻል» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «እስከዚያ ቤት ውስጥ ሥራ አለው።»

በሩ ጋ ስንደርስ ቆመና ጣቱን ዘረጋላት።

«ቀለሙስ?»

ሳሮን አልሳቀችም። መግለጫ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ ከኪሷ አውጥታ ጥፍሩን በጥንቃቄ ቀባችው። እትዬ አስካለም ዘረጉ። ልንወጣ ስንል አባዬ «የሱንም» አለ። «ሰጥቷል እኮ።»

ሰፈራችን ስንደርስ ሰው ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ከየብሎኩ በር ላይ ቆሞ ውሃ ይጠብቃል። ቧንቧውን ከኋላዬ ደብቄ ደረጃውን ወጣሁ።

አባዬ ክፍሉ ገብቶ ቧንቧውን በቦታው ሰቀለው። ትዕግሥት ራት አቀረበች። ምን እንደተፈጠረ ስነግራት «እስከ መጨረሻው ነው የምትነግረኝ?» አለች፤ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አባዬ ገበታው ላይ ተቀምጦ ማንኪያውን አላነሳም።

«ምነው፣ አትበላም እንዴ?» አልኩት።

«ማን ጠራኝ?» አለ፣ ወደ ክፍሉ በር እያየ።

ሄጄ ከምስማሩ አወረድኩት። አትንካ ያለኝ የለም። በረንዳ ላይ ወጣሁና ሾርባዬን አብርጄ አንዴ ነፋሁ። የበረንዳው መስታወት ዝርርር አለ። ከዚያ ከሥራችን ካለው ቤት የእትዬ አስካለ ድምፅ ተሰማ።

«ተቆጥሯል!»

አባዬ ማንኪያውን አነሳ።